የእመት ቀበሮ የባሩድ ሚዛን

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ማሳ ያርሱና ጠመንጃ ያነግቱ በነበረበት ዘመን፣ አህያና ጉሬዛ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አብረው በቆሎ ይዘሩ ነበር። አህያ ያርሳል፤ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከርከሮዎች ማሳውን ሊያወድሙ ሲመጡ ጉሬዛ አሮጌ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ እነሱም ጭራቸውን አቁመው ይፈረጥጣሉ። ማንም አይሞትም፤ በቆሎውም ይተርፋል።

ችግሩ ጥይት ነበር። የሚመጣው ከሩቅ ገበያ ነው፤ እሱም ከተገኘ። አንድ ቀን አህያ ከዛፉ ሥር የወዳደቁትን ባዶ ቀለሃዎች ሰብስቦ፣ «አያ ጉሬዛ፣ እነዚህን ለምን እንጥላለን? ባሩድና እርሳስ ሞልተን መልሰን ጥይት እናድርጋቸው እንጂ። እኔ ልማር» አለ።

«መልካም አስበሃል» አለ ጉሬዛ። «ግን ባሩድ ቀልድ አያውቅም። መሣሪያውን ከብረት ሠሪዋ ከጃርት ግዛ። እርሳሱን ቀለሃው ላይ የሚገጥመው የሷ መጭመቂያ ወፍራም ብረት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለጀማሪ ደግሞ እሱ ይሻላል፤ የምትሠራውን እያየህ ትሠራለህ። ከሁሉም በላይ ሚዛኑን ተጠንቀቅ። ባሩዱን የምትመዝንበት ሚዛን ከዋሸህ አለቀልን።»

አህያ ጃርት ቤት ሄደ። ጃርት ግን ሥራ በዝቶባት ነበር። «በጥድፊያ የሠራሁትን አልሸጥልህም። በቆሎህ እሸት ሲሆን ተመለስ» አለችው።

አህያ ቅር ብሎት ሲመለስ እመት ቀበሮ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግታ፣ ዕቃ ደርድራ አገኛት።

«አያ አህያ! ጥይት መሥራት ልትጀምር ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ከረጢትህ ውስጥ ቀለሃ ይንኳኳል። ከጃርት ቤት መንገድ ደግሞ ባዶ እጅህን ትመጣለህ። እሸት እስኪደርስ ጠብቅ አለችህ አይደል? ከርከሮውስ ይጠብቅልሃል?»

ይህን ብላ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ መጭመቂያ አነሳች። «ይኸው! ብዙ ጥይት ባንድ ጊዜ የሚሠራ። ሚዛኑን እመርቅልሃለሁ።»

አህያ መጭመቂያውን በሰኮናው መታ አደረገው። ድምፁ እንደ ጣሳ ቀጭን ነበር። ሚዛኑ ላይ ቆንጥሮ አፈር ጨመረበት፤ መርፌው ከፍ አለ። እንደገና ጨመረ፤ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እመት ቀበሮ፣ መርፌው ቆመ እኮ።»

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ስትሠራበት ይለቃል። ለመሆኑ ጀማሪ ነህ ወይስ አስተማሪ ነህ?»

አህያ አፈረ። ጀማሪ ሲባል የማያፍር ማን አለ? ያን ጊዜ ጅብ አጥንት እየቆረጠመ ከቁጥቋጦው ወጣና፣ «ድንቅ ዕቃ ነው! እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው በዚህ ነው!» አለ። ጅብ በዕድሜው አንዲት ጥይት ሠርቶ አያውቅም። ቀበሮ እንዲህ ካልክልኝ ቋንጣ እሰጥሃለሁ ብላው ነው።

አህያም ገዛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀበሮ ሚዛኑን ያገኘችው ጃርት አይረባም ብላ ከጣለችው ክምር ውስጥ ነው። መርፌው መሃል ላይ እንደሚቆም ታውቃለች። ቀለም የቀባችውም እሷው ናት። ሳታውቅ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ባላወራሁት። አውቃ ነው የሸጠችው!

አህያ ለፍቶ ጥይቶቹን ሠራ። ሚዛኑ ልክ ነው ሲለው ልክ ነው ብሎ ያምናል፤ መርፌው ቆሞ ባሩዱ ከልክ ማለፉን ግን አላወቀም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከርከሮዎች መጡ። ጉሬዛ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አቀና፣ ምላጩንም ሳበ። ጠመንጃው ከጉንጩ አጠገብ ፈነዳ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተጋጨ ወደቀ። አህያ ደርሶ ሲያነሳው ፊቱ በደም ተሸፍኗል፤ ቀኝ ዓይኑ ጠፍታለች። ከርከሮዎቹም ሳይቸኩሉ በቆሎውን ጨረሱት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁህ!» ብሎ አህያ አለቀሰ።

«በማን ሚዛን መዘንከው?» አለ ጉሬዛ እያቃሰተ።

አህያ አንገቱን ደፋ። «በቀበሮ።»

«በል ተነሳ። ዕቃውን ተሸከም፤ አንበሳ ዘንድ እንሄዳለን።»

አንበሳ ገደሉ ሥር ችሎት ተቀምጦ ነበር። ሰማዩ ደመና ለብሷል። ጉሬዛ በጨርቅ የታሰረ ዓይኑን ይዞ ቆመ፤ አህያም ሁሉንም ተናገረ። ቀበሮ ግን ስትጠራ ጅብን አስከትላ ፈገግ ብላ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ጀማሪ እኮ ነው! ባሩድ አብዝቶ ሲያበቃ ዕቃዬን ይከሳል። ምስክሬ አያ ጅቦ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት አንዲት ፀጉሩ አልተነካችም።»

«እውነት ነው! ድንቅ ዕቃ ነው!» አለ ጅብ።

አንበሳ ጺሙን እያሻሸ ወደ አህያ ዞረ። «ጀማሪ ይሳሳታል። ምናልባት እጅህ...»

«ጀማሪ መሆኔን እኮ ታውቃለች!» ብሎ አህያ ጮኸ። በአንበሳ ፊት እንዲህ የጮኸ አህያ ታይቶ አያውቅም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ፤ ግን ዝም አልልም! መርፌው ቆመ አልኳት፤ ይለቃል አለችኝ። ጠየቅኋት፤ አሳፈረችኝ። ባላውቅ ነው የጠየቅኋት፤ ባላውቅ ነው ያመንኋት! አሁን ደግሞ አለማወቄን እንደ ወንጀል ትቆጥርብኛለች። ዕቃው ደህና ከሆነ እዚሁ በዚሁ ሚዛን መዝና፣ ጥይቱን ሠርታ፣ ራሷ ትተኩስ!»

በችሎቱ ያሉት ሁሉ «ትተኩስ! ትተኩስ!» አሉ።

ቀበሮ ጥይቱን ሠራች። ጠመንጃም ከአንበሳ ዘበኛ ተሰጣት። «ትከሻዬን ያመኛል» አለች። «አያ ጅቦ ይተኩስልኝ። የለመደው እሱ ነው።»

ጅብ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም። ደረቱን ነፍቶ ጠመንጃውን ተቀበለ፤ ጉንጩንም አስጠጋ። ሁሉም ጅብን ሲያይ አህያ ግን ቀበሮን ያይ ነበር። ቀበሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌላ ጨመረች። ከዚያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ዞራ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች።

«ጣለው!» ብሎ አህያ ዘለለና ጠመንጃውን በግንባሩ ገፍቶ ከጅብ እጅ አስጣለው። «ጣለው አንተ ሞኝ! ዓይንህን ልታጣ ነው!»

ጅብ ተደናገረ። «ምን ሆነሃል? እኔ እኮ ጅብ ነኝ፤ አንተን ልበላህ የምመኝ!»

«አውቃለሁ። ቢሆንም የሷ ዕቃ ሌላ ዓይን አያጠፋም።»

አንበሳ ተነሳ። «እመት ቀበሮ፣ ከቋጥኙ ኋላ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፀ... ፀሐዩ በርትቶብኝ ጥላ ፍለጋ ነው፣ ጌታዬ።»

«ደመና ነው» አለ አንበሳ።

ጅብ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጠመንጃውን አየ፤ ቋጥኙን አየ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። «እንዴ!» አለ። «ፈንድቶብኝ ብሞት ኖሮ ቋንጣዬን ማን ሊበላልኝ ነው?»

«የምን ቋንጣ?» ሲል አንበሳ አገሳ። ጅብም ስለ ቋንጣው፣ ስለ ምስክርነቱ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሠርቶ ስለማያውቅበት ዕድሜው ሁሉንም ዘረገፈው።

አንበሳ ፈረደ። ጅብ ከዚያ ወዲያ በማንም ነገር ምስክር እንዳይሆን ተከለከለ። ቀበሮ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሸጠችለትን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረች «ዋሽቼሃለሁ፤ አትሥራበት» ብላ ዕቃውን እንድታስመልስ፣ ከዚያም በጉሬዛ ፈንታ ማሳውን እንድትጠብቅ ተፈረደባት።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጉሬዛ ነበር። ከዛፉ ሥር ተንበርክካ እንባዋን አፈሰሰች። «ይቅር በለኝ፣ አያ ጉሬዛ! ይቅር ካላልከኝ ከዚህ አልነሳም!»

ጉሬዛ በቀረችው ዓይኑ ተመለከታት። «ስንት ቤት ሸጠሻል?»

«ብዙ... ብዙ ቤት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥሻል?» አለ ጉሬዛ በቁጣ። «ይህን ጊዜ አንዱ ጀማሪ ሚዛንሽን አምኖ ባሩድ እየመዘነ ነው። እንባሽን ያዥና ሩጪ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ጀማሪ መሆናችን አሳፍሮን ዕቃውን ሳንፈትሽ፣ ሻጩም ራሱ ሊሠራበት የሚደፍር መሆኑን ሳናረጋግጥ መግዛት እንደማይገባን፣ አለማወቃችንን አይቶ አደገኛ ዕቃ የሚሸጥልንንም ዝም ብለን ማለፍ እንደሌለብን ነው።