የዝንጉር መጫኛ

በዘመን መለወጫ ጠዋት ቀጨሞ የሚደርስ እንግዳ ግራ ይጋባል። በሌላው አገር ሰው ነጭ ለብሶ እንኳን አደረሰህ በሚባባልበት ሰዓት፣ የቀጨሞን ሰዎች ያደፈ የዘወትር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በዝንጉር ወንዝ ዳር ተሰብስበው ያገኛቸዋል። በመካከላቸው አዲስ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት ብቻ አለች። ከበሬ ቆዳ በተተለተለ መጫኛ ጫፍ ላይ ነጭ ፈትል ይታሰርና መጫኛው በወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል፣ ከዚያም ከቅርጫው ሥጋ አንድ መደብ በአቁማዳ ታስሮ በመጫኛው ወደ ማዶ፣ ወደ ሾላ ገብ ይሻገራል። እዚያው አጠገብ መኪና የሚያሻግር የሲሚንቶ ድልድይ አለ፤ ያ መደብ ግን በድልድዩ አልፎ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የተጀመረው ድልድይም መኪናም ባልታሰበበት ዘመን ነው። ያኔ ቀጨሞና ሾላ ገብ በወንዙ ዳር ባለው የግጦሽ መስክ ተጣልተው፣ በወንጭፍ የሚወጋገሩ፣ ለቅሶ እንኳ የማይደራረሱ ነበሩ። ጠቡ ከመክረሩ በፊት ከሾላ ገብ ለቀጨሞው ቢያድግልኝ የተዳረች እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ ክፉ አልነበሩም፤ ግን በስሟ ከመጥራት «የማዶዋ» ማለት ይቀናቸው ነበር ይባላል።

በዚያ ዓመት ቀጨሞዎች ለእንቁጣጣሽ ቅርጫ አሞሌ ጨው አዋጡና በሬ እንዲገዛ ቢያድግልኝን ወደ ቆላ ገበያ ላኩት። ገበያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሲሻገር ውሃው ከጉልበቱ አልበለጠም ነበር። «አማቶቹ ቤት እንዳይቀር ብቻ» ብሎ ያሾፈ አልጠፋም። ያሾፈው አያ ተገኘ ሲሆን፣ ማሳ ሲጠብቅ በወንጭፍ ዝንጀሮ የሚመልስ፣ በጠቡም ጊዜ ማዶ ያሉትን ራስ ራሳቸውን ያስያዘ ሰው ነው። ሁሉም ሳቀ። እንጉዳይም አብራ ሳቀች።

ቢያድግልኝ በሄደ በማግስቱ የጳጉሜን ዝናብ ወረደና ዝንጉር ሞላ። ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ መቀመጫ አጣች። ግድግዳዋን በእበት መለቅለቅ ትጀምርና ግማሹን ትታ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ ከወንዙ ተመልሳ ጌሾ ትወቅጥና ሙቀጫውን እንደ ተከፈተ ትታ ደግሞ ትወጣለች። ለበዓል ቀሚሷ የምትፈትለው ጥጥ አንዴ ይወፍርባት፣ አንዴ ይበጠስባት ስለ ነበር፣ ቀኑ አልፎባት ሸማኔው «ለእንቁጣጣሽማ አይደርስም፣ ለመስቀል አደርስልሻለሁ» ብሎ መለሳት። እሷም ፈትሏን በመሶብ ከድና አስቀመጠች። ለነገሩ ያኔ ቀሚስ ትዝ የሚላት አልነበረም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሰዉ ወንዙ ዳር ወርዶ ማዶውን ተመለከተ። በማዶ ቢያድግልኝ ከሾላ ገብ ሰዎች መካከል ቆሟል። አጠገባቸው፣ ቁጥቋጦ ላይ፣ የቀይ በሬ ቆዳ ተዘርግቷል። ቢያድግልኝ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል፤ ውሃው እያገሳ ነውና አንድ ቃል የሰማ የለም።

«በሬያችን ታረደ» አለ አያ ተገኘ። «ቀልዴ እውነት ሆነ። አማቶቹ በዓል ሊውሉበት ነው።»

የቅርጫው ዳኛ አባ ይሁኔ የረጋ ሽማግሌ ነበሩ። እንጉዳይን ወደ ዳር ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሻል» አሏት። «ባልሽ በሬውን ከበላው፣ ውሃው ሲጎድል ጎጇችሁን ለቃችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም ልይዛችሁ አልችልም።»

«አባ፣ እሱ የሰው ነገር አይበላም» አለች።

«እኔም እንዲያ ነበር የማውቀው» አሉና አባ ይሁኔ ወደ ሰዉ ተመለሱ።

ቤቷ ገብታ ግማሹ የተለቀለቀ ግድግዳዋ ፊት ቆመች። መጨረስ አለባት ወይስ የለባትም? የሚኖርበት ማን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን እበት ውስጥ ነከረች፣ መልሳም ታጠበች።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ እሷ አሮጌ ቀሚሷን እንደ ለበሰች ወደ ወንዙ ሮጠች። ማዶ ያሉት በቆዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንዱ ከዳር ጀምሮ ክብ እየዞረ በቢላዋ ይተለትላል፣ ሌላው የተተለተለውን ይስባል። እንጉዳይ ይህን ሥራ ከአባቷ ቤት ታውቀዋለች፤ አባቷ በበቅሎ ጭነት ለሚያመላልሱ የቅፍለት ነጋዴዎች መጫኛ የሚተለትል ሰው ነበር። ቢያድግልኝ በመጫኛው ጫፍ ድንጋይ አስሮ ወረወረ። እርጥብ ቆዳ ከባድ ነውና ከወንዙ እኩሌታ ሳይደርስ ወደቀ። ደግሞ ወረወረ። ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ ክንዱን ከራሱ በላይ አሽከረከረ፣ ወንጭፍ እንደሚወረውር ሰው።

እንጉዳይ ወደ መንደሩ እየሮጠች ተጣራች። «ቆዳውን ሊሸጡት ቢሆን በችካል ወጥረው ያደርቁት ነበር። የሚተለትሉት ሥጋውን ሊያሻግሩልን ነው። አያ ተገኘ፣ ወንጭፍዎን ይዘው ይውረዱ።»

አያ ተገኘ አላመናትም፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንጭፉን ከመያዝ ሌላ መላ አልነበረውም። እንጉዳይ ፈትሏን ከነመሶቡ አመጣች። ነጠላው ፈትል ማዶ ሳይደርስ ተበጠሰ። ሴቶቹ የጀመሩትን ወጥ ትተው መጡና ፈትሏን እየደራረቡ ማክረር ጀመሩ፤ በመስቀል ቀሚስ ሊሆን የነበረው ሁሉ ገመድ ሆነ። አያ ተገኘም በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አስሮ፣ በጠቡ በለመደው ክንዱ ወረወረ። ማዶ አንድ ጎረምሳ ሊመታኝ ነው ብሎ ጎንበስ አለ ይባላል። ድንጋዩ ከአጠገቡ ሲወድቅ ጭራው ነጭ ገመድ ነበር።

መጫኛውን በፈትሉ ስበው በወንዙ ዳር ካለ ዋርካ ላይ አሰሩት፣ አቁማዳዎቹም ተራ በተራ እየተሳቡ መጡ። ከመጀመሪያው አቁማዳ አፍ ላይ የበሬው የፊት እግር ወጥቶ ይታይ ነበር፤ አጥንቱ ለሁለት ተሰብሯል። ያኔ ሁሉም ገባቸው። በሬው ወንዙን ሊሻገር ሲል ከድንጋይ መሐል ገብቶ እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ በክቶ ሳይቀር ሾላ ገቦች ባርከው አረዱት። አባ ይሁኔ ሥጋውን በቅጠል ላይ ዘርግተው ሲመድቡ ጉበቱም፣ ምላሱም፣ ኩላሊቱም አለ። ማዶ ያስቀሩት ነገር አልነበረም።

ዕጣ ተጣለና እንጉዳይም መደቧን አገኘች። ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ መልሳ አቁማዳው ውስጥ ከተተችው።

«ወዴት ነው?» አለ አያ ተገኘ።

«አርደው፣ ገፈው፣ ቆዳ ሲተለትሉ ያደሩ ሰዎች ማዶ አሉ። ባሌም ከእነሱ ጋር ነው። ባዶ እጃቸውን በዓል አይውሉም።»

አባ ይሁኔ ግን መደቧን አስመለሱላትና «ከየመደቡ ይነሣ» አሉ፤ ከሁሉም ተቆርጦ አንድ ሙሉ መደብ ወደ ሾላ ገብ ተሻገረ። ውሃው ጎድሎ ቢያድግልኝ ሲመለስ ብቻውን አልነበረም ይባላል፤ ስለ መስኩ ለመነጋገር ሽማግሌዎች አብረውት ተሻግረዋል።

የእንጉዳይ ፈትል ተበጣጥሶ ጭቃ ሆኖ ቀረ። እንቁጣጣሽን ብቻ ሳይሆን መስቀልንም በአሮጌ ቀሚሷ ዋለች። በዓመቱ የቀጨሞ ሴቶች በየእንዝርታቸው የያዙትን ፈትል እያዋጡ አሠርተው፣ በዘመን መለወጫ ጠዋት አዲስ ቀሚስ አለበሷት፤ እነሱ ግን መጫኛው ማዶ እስኪደርስ አዲስ አንለብስም ብለው አሮጌ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ አጅበዋት ወረዱ። አያ ተገኘም ያደፈ ጋቢውን ለብሶ፣ ወንጭፉን ይዞ ከፊት ነበር።

ዛሬም እንዲሁ ነው። መጫኛው ማዶ እስኪደርስ ድረስ በወንዙ ዳር የሚቀመጥ የለም፤ ሰዉ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ውሃውን ያያል፣ በዓሉ የሚያመልጠው ይመስል ይቁነጠነጣል። በመካከል ነጭ ለብሳ ፈትሉን የምታስረው ከሾላ ገብ ለቀጨሞ የተዳረች የዓመቱ ሙሽራ ናት። ሁሉም እሷን እያየ፣ አሮጌ ልብሱን እንደ ለበሰ ይጠብቃታል።