ግማሹ የቀረው ስኒ

አንድ ሽብሩ የሚባል ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካፌ ውስጥ የቡና ማሽን ላይ ሠራ። በመጨረሻ ሕመም ቀኝ እጁን አዛለበትና ቤት ዋለ። ሥራ ለለመደ ሰው እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከሕመሙ ይብሳል። ሽብሩም ጨዋታው ጠፋ፣ ምግብ አስጠላው፣ ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም ማለት አበዛ።

ሚስቱ አስካለ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። አንዲት ትንሽ የቤት ውስጥ የቡና ማሽን ገዛችና የለመደውን ወፍራም ጥቁር ቡና በእጄ ካላጠጣሁት ብላ ተነሣች። ለጀበና የምታዘጋጀውን፣ ልም ብሎ የተፈጨውን ቡና ሞልታ ጠቀጠቀችበት። ማሽኑ አጓርቶ አጓርቶ ጥቂት መራራ ጠብታ ሰጣት። ሽብሩ ፉት አለና "ጥሩ ነው" አላት። ስኒው ግን ግማሹ ቀረ።

አስካለ በደንብ ስላልጠቀጠቅሁት ይሆናል ብላ በማግስቱ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። ቡናው ይብስ መረረ። ሽብሩ አሁንም ጥሩ ነው አለ፤ አሁንም ግማሹን ተወው። እንዲህ እያሉ አምስት ቀን አለፈ። በስድስተኛው ቀን የተረፈውን ስኒ ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ካፌ ሳለህ እንዲህ ያለውን ለደንበኛ ታቀርብ ነበር?"

ሽብሩም፣ "እደፋው ነበር" አለ።

"ታዲያ የእኔ ሲሆን ለምን ጥሩ ሆነ?"

"ለእኔ ብለሽ ስትደክሚ እያየሁ ምን ብዬ ላሳዝንሽ?"

"ያሳዘንከኝስ አሁን ነው። የፈለግሁት ሙያህን እንጂ ምስጋናህን አይደለም። እጅህ ቢደክም አፍህ አልደከመም፤ ንገረኝ።"

ሽብሩ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። ቡናው ከመጠን በላይ ከላመ ውሃ እንደማያሳልፍ ነገራት። ሻከር አድርጋ ፈጨች፤ አሁን ደግሞ ውሃው ሮጦ ወረደና ቀጠነ። ድፊው አላት፣ ደፋች። ትንሽ እንዲልም መፍጫውን ጠበቅ አድርጊው አላት፣ አደረገች። በአራተኛው ሙከራ ቡናው ቀስ ብሎ፣ እንደ ማር እየተሳበ፣ ወርቃማ አረፋ ይዞ ወረደ። ሽብሩ እስከ መጨረሻው ጠጣና ባዶውን ስኒ መለሰላት።

"ነገ ደግሞ ወተት አመታቱን አሳይሻለሁ" አለ። ከታመመ ወዲህ ነገ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ለምንወደው ሰው አዝነን እውነቱን ስንደብቀው፣ እሱን ከነስህተቱ እንተወዋለን፤ ራሳችንንም ከነሙያችን እንቀብራለን። እውነቱን በፍቅር መናገር ግን ሁለቱንም ያነሣል። እናንተስ ዛሬ ጥሩ ነው እያላችሁ ስኒውን በግማሽ የምትተዉት የማንን ነው?