ሾፌሩና ሦስቱ የናፍጣ ማጽጃዎች

አንድ ሾፌር ነበር፤ መኳንንት ይባላል። የሚነዳት መኪና የራሱ አልነበረችም፤ የእድሩ ነበረች። አንዲት ነርስ ብቻ ባላት የደጋ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ለዓመታት አዋጥተው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። በሽተኛ ወደ ሆስፒታል እንድታደርስ፣ የሞተም ካለ ሬሳ እንድትመልስ ነው። ሆስፒታሉ የሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ዳገት አለ።

የእድሩ ዳኛ ቁልፉን ሲያስረክቡት አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። «ልጄ፣ ናፍጣ ከማደያ እንጂ ከመንገድ ዳር እንዳትቀዳ። ከጠፋም ጠፋ በለን፤ ማንም አይቆጣህም።»

መኳንንትም እሺ አለ። ቁልፉን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ሲገባ ሰው ብድግ እያለ «ኖር!» ይለው ጀመር። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰው ነበር፤ አሁን ሠርግም ላይ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል። ይህ ነገር ጣፈጠው። ማን አይጣፍጠውም?

ነሐሴ ላይ ናፍጣ ጠፋ። መኳንንት ማደያው በር ላይ ሁለት ቀን ተሰለፈ፤ በሦስተኛው ሰለቸው። ባዶውን ተመልሶ «ጠፋ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን «መኳንንት ናፍጣ አጣ» መባሉን እንደ ሞት ፈራው። መንገድ ዳር ከሚቸረችር ሰው ሁለት ጄሪካን ገዝቶ ወደ መኪናዋ ሰልባትዮ፣ ማለትም ወደ ናፍጣ ማጠራቀሚያዋ፣ ገለበጠው። ከሁለተኛው ጄሪካን መጨረሻ ላይ የወረደው ናፍጣ አልነበረም። የጠላ አተላ የመሰለ፣ ዝገትና ውሃ የተቀላቀለበት ጥቁር ነገር ነበር። በዓይኑ በብረቱ አየው። ጄሪካኖቹን ገደል ወርውሮ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ዳኛው መንገድ ላይ አገኙት። «እንዴት ነው ልጄ፣ ያስቸገረህ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ መኳንንት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ ዳገት ላይ ትንተፋተፍ ጀመር። ጭስ እየተፋች፣ ጉልበት እያጠራት፣ እየቆመችም እየሄደችም። ይህ የሆነው ደግሞ በክፉ ጊዜ ነው። የመኳንንት ታናሽ እህት የሻረግ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ነርሷም ደጋግማ አስጠንቅቃለች፤ «ምጡ እንደጀመረሽ ሆስፒታል ካልደረስሽ አንቺም ልጁም አትተርፉም።» ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። ያላት ወንድሟ ብቻ ነው፤ ለወንድሟም ያለችው ያቺ የምትንተፋተፍ መኪና ናት።

እዚህ ላይ ሰውየውን አትናቁብኝ። መኳንንት እህቱን ይወዳል። መኪናዋ መዳን እንዳለባት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያመማትንም ከማንም በላይ ያውቃል። የፈለገው ግን ሳይናዘዝ የሚድንበትን መንገድ ነበር። ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ ቢል ዳኛው «ምን ገብቶበት?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ቁልፉ ከአንገቱ ይወርዳል፤ «ኖር!» የሚለውም ይቀራል።

ስለዚህ ማጽጃ መፈለግ ጀመረ። ከናፍጣ ጋር ተጨምሮ የነዳጁን መስመር ያጥባል የሚባለውን ማለቴ ነው። ወደ ሆስፒታሉ ከተማ በወረደ ቁጥር መለዋወጫ መሸጫውን ሁሉ እየዞረ፣ ሻጩን እየጠየቀ፣ ሾፌሩን እየጠየቀ፣ በመጨረሻ ሦስት ጠርሙስ ይዞ መጣ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር። ቤቱ መስኮት ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደረ። በየብርጭቆው ናፍጣ ቀዳ፤ በየናፍጣው ላይ ከየጠርሙሱ ጠብ አደረገ። ጠዋት ያያቸዋል፣ ማታ ያያቸዋል። የቱ ቀለሙን ለወጠ? የቱ ከታች ዘቀጠ? እያለ በካርቶን ላይ ይጽፋል። ሳምንት ሳይሞላው የከተማው ሾፌር ሁሉ «መኳንንት፣ የቱ ይሻላል?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ያስረዳል። ወይ ጉድ! ጥፋቱን የደበቀበት ነገር አዋቂ አስባለው።

የሻረግ ሆዷን ደግፋ መጥታ ብርጭቆዎቹን አይታ ሳቀች። «ወንድምጋሼ፣ እኔ ነኝ የምወልደው መኪናዋ? ለእሷ ያለህን ግማሹን እንኳ ለእኔ ብታስብልኝ።»

«ለአንቺ ብዬ አይደል እንዴ የምለፋው» አላት። እውነቱን ነበር። እንደ ግማሽ እውነት ያለ ክፉ ነገር ደግሞ የለም።

በመጨረሻ ሦስቱንም ጠርሙሶች በፌስታል ይዞ ጋሽ አንለይ ዘንድ ሄደ። ጋሽ አንለይ የከተማው ብቸኛ መካኒክ ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ግን እጃቸው የተባረከ ነው።

«ጋሽ አንለይ፣ ከሦስቱ የቱ ይሻላል?»

ሽማግሌው ጠርሙሶቹን አላዩም፤ እሱን አዩት። «መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ሰልባትዮው ውስጥ ምን ገብቷል?»

«ምንም።»

«የመንገድ ዳር ናፍጣ አልቀዳህም?»

«ኧረ በጭራሽ! ምን ነካዎት?»

ጋሽ አንለይ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሱ አስረዱት። «ሰማያዊው ዝግተኛ ነው። ቀስ እያለ ያጥባል፤ ውጤቱን ለማየት ወራት ትጠብቃለህ። ቢጫው ለትንሽ እርጥበት ነው፤ ውሃውን ከናፍጣው ጋር አስማምቶ ያወጣዋል። ጥቁሩ ጉልበተኛ ነው። ከፖምፓው እስከ ናፍጣ መርጫው ኖዝል የተጋገረውን ሁሉ ይፈነቅላል። ሰልባትዮው ንጹሕ ከሆነ፣ እህትህም መውለጃዋ ስለደረሰ ጥቁሩን ጨምር። ታች የተኛ አተላ ካለ ግን ነግሬሃለሁ፣ እንዳትነካው! የተኛውን ቀስቅሶ ናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ይወትፍብሃል። እንደዚያ ከሆነ ማጽጃ የሚባል ነገር አያሻህም። መኪናዋን አምጣልኝ፤ ሰልባትዮውን አውርደን እናጥበዋለን። የሁለት ቀን ሥራ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ መቼም ታውቃለህ።»

መኳንንት አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ አደረገ። አፉ ላይ መጥቶ ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ዋጠው።

«ንጹሕ ነው ጋሼ» አለ፤ ሄዶም ጥቁሩን ጨመረው።

ጉዱን ስሙ እንግዲህ። መኪናዋ ዳነች! ሁለት ቀን ሙሉ እንደ አዲስ ሄደች። ጭሱ ጠፋ፣ ድምጿ ጠራ። መኳንንት በየደረሰበት «ብያለሁ ጥቁሩ ነው፣ ሌላው ውሃ ነው» እያለ ተናገረ። ያን ሰሞን ጥቁሩን የገዛ ሾፌር ብዙ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛው ገና እየገባ ሳለ የሻረግን ምጥ ያዛት። ፒክአፗ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ወጣች፤ ነርሷ ከጎኗ ተቀመጠች። የአራት ዓመት ልጇ ሙሉእመቤት በጎረቤት እጅ ሆና እጇን አወዛወዘችላት። ዳኛው «በሰላም ያግባችሁ» ብለው መረቁ። መኳንንት ሜዳውን በረረበት፤ ቁልቁለቱንም ወረደው። ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ ግን መኪናዋ ሁለቴ ተንተፋትፋ ጸጥ አለች።

ፊልትሮውን ፈታ። ከጄሪካኑ ታች ያየው ያ ጥቁር አተላ፣ ያው ራሱ፣ ፊልትሮው ላይ ታጭቋል። በናፍጣ አጥቦ መለሰው። ተነሣች፤ ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ቆመች። ደግሞ ፈታ፣ ደግሞ አጠበ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ነርሷ «መኳንንት፣ በማርያም ፍጠን! ደም እየፈሰሳት ነው» እያለች ትጮኻለች።

የሻረግ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ ጠራችው። «ወንድምጋሼ፣ ምን ሆነች?»

እንግዲህ እዚያም ቢሆን፣ እዚያ ዳገት ላይ፣ እህቱ በዓይኖቿ እየለመነችው፣ የመጣለት ያው ቃል ነው።

«ምንም የኔ እመቤት፣ ምንም። አሁን ትነሣለች።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ እህል የጫነ መኪና መጣ። ከነፍራሹ አንሥተው ጆንያው ላይ አስተኟት። ሆስፒታሉ በር ላይ የደረሰው ሬሳዋ ነው። ሕፃኑም አልተረፈም። እድሩ ሬሳ የሚመልስባት መኪና ዳገት ላይ ተገትራ ስለነበር፣ የሻረግ ወደ አገሯ የተመለሰችው በሰው አገር መኪና ተጭና ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ገና ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ጋሽ አንለይ መኪናዋን አስጎትተው አምጥተው ሰልባትዮውን አወረዱ። ከታች የወጣውን ጥቁር ነገር በገንዳ ገልብጠው መኳንንትን አስጠሩት። ነጠላውን እንዳጣፋ መጥቶ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

መኳንንት ገንዳውን አየ። «የጄሪካን ናፍጣ ነው ጋሽ አንለይ። በነሐሴ ከመንገድ ዳር ነው የቀዳሁት» አለ። ይኸው ነው፤ ከአፍ ለመውጣት ይህን ያህል ነው የሚፈጅበት። እኔ ስቆጥረው ከዐሥር ቃል አይበልጥም።

ሽማግሌው አልጮኹበትም። ይጮኻሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢጮኹለት በተሻለው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እኔ እኮ ልጄ፣ ለነገርከኝ መኪና የሚሆነውን ነው የመረጥኩልህ» አሉት። «አንተ ግን እህትህን የጫንካት ባልነገርከኝ መኪና ላይ ነው።»

መኳንንት ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው ያስቀመጠው። አባቷ ለሥራ ቆላ ስለሚከርም፣ ሙሉእመቤት ዛሬ እሱ ቤት ነው የምታድገው። «እማዬ ምን ሆና ሞተች?» ብላ የጠየቀችው ቀን «ምንም» ማለት አቅቶት፣ ሁሉንም ከነጄሪካኑ ነገራት ይባላል። የነገራት ቀን ምን እንዳለችው ግን አልሰማሁም።

መኪናዋስ? በሁለት ቀን ታጥባ ዳነች። ያለ ሰማያዊ፣ ያለ ቢጫ፣ ያለ ጥቁር፣ ዛሬም ያንን ዳገት ትወጣዋለች። አዲሱ ሾፌር ናፍጣ ሲጠፋ «ጠፋ» ይላል፤ ማንም አልተቆጣውም።

እንግዲህ ትምህርቱ ይሄ ነው። ሦስቱም ማጽጃዎች ውሸታም አልነበሩም፤ ጥቁሩም ሥራውን በደንብ ነው የሠራው። ጋሽ አንለይም አልተሳሳቱም። የዋሸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ አንድ ውሸት ግን ደህናውን መድኃኒት መርዝ አደረገው፣ ደህናውን ምክርም ገደል። እኛም እንዲሁ ነን። ሐኪም ዘንድ፣ ሽማግሌ ዘንድ፣ የንስሐ አባት ዘንድ እንሄድና «የቱ ይሻለኛል?» እንላለን፤ «ምን ገብቶብሃል?» ሲሉን «ምንም» እንላለን። ከዚያ ምክሩ ሲከሽፍ መካሪውን እናማለን። የደበቅነው ነገር ታች ተኝቷል፤ እኛ በፈለግነው ቀን አይነሣም። የሚነሣው ዳገት ላይ ነው፣ የምንወደውን ሰው ጭነን ሳለ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። የዛሬ ሳምንት «እንዴት ነህ፣ ያስቸገረህ ነገር አለ?» ብሎ ለጠየቃችሁ ሰው ምን ብላችሁ መለሳችሁ?