ቀንዱን ማን ያውርድ?

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ እንጂ፤ አፌን ከፍቼ ልጠብቃችሁ ነው?

አንድ ዝንጀሮ አዲስ አገር ለሰፈረው መንጋው ደንብ ፍለጋ ወንዝ ተሻገረ። እዚያ ማዶ እርስ በርስ ሲበላሉ የኖሩ አምስት የእንስሳት ጎሣዎች ታርቀው፣ ባንድ ዛፍ ሥር ይመክራሉ ሲባል ሰምቷል። ሄዶ ቢያይ እውነት ነው። የየጎሣው አለቃ የአጋዘን ቀንድ እንደ ዘውድ ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም ሳይስማማ ማንም አይነሣም። ዝንጀሮ ተደነቀ፤ ዛፉንም፣ ቀንዱንም፣ አቀማመጡንም በልቡ ያዘ።

ሊሄድ ሲል ከኋላ የተቀመጡ አሮጊቶች አየ።

«እመት ጃርት፣ እናንተስ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ቀንዱን የምንደፋላቸው እኛ ነን፤ ሲባልጉም የምናወርደው እኛው» አለችው ጃርት።

«ይሄ እንኳ ይቅርብን!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አገሩ ገብቶ ዛፍ መረጠ፤ ሴቶቹን ደጅ አስወጥቶ ለአጎቱ ቀንድ ደፋለት። አጎትዬው ወዲያው የመንጋውን የክረምት ቀለብ ብቻውን ይሰለቅጥ ጀመር። «ቀንዱን አውርድ!» ቢሉት በዚያው ቀንድ እየወጋ በተናቸው።

ዝንጀሮ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ።

«እመት ጃርት፣ ድረሽልኝ! ቀንዱ እንዴት ነው የሚወርደው?»

«እናትህ የት አለች?»

«ደጅ…»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?»

ተመልሶ እናቱ እግር ሥር ወደቀ። «እማዬ፣ ወንድምሽ ሊፈጀን ነው፤ ግቢና ቀንዱን አውርጂልን!»

እናቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «መጀመሪያ ዛፉ ሥር መቀመጫዬን አምጣ» አለችው።

ሮጦ አመጣ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ሴቶቹ ይቁረሱት።