ያየሁት ሁሉ ደህና ነው

አንዲት የቆላ ከተማ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነበራት። ጣቢያው በረጅም ዘመን በቴፕ የቀዳቸውን ድምፆች ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ቴፖቹን አርጅተዋል ብሎ አስወግዶ ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የሽማግሌዎች ወግ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሳቅና ምክር ተቀምጧል። የከተማው ሰው የሞተበትን ሰው ድምፅ መስማት ሲያምረው ወደ ጣቢያው ይሄዳል፤ ሠራተኞቹም ፈልገው ያሰሙታል።

ከጊዜ በኋላ ኮምፒውተሩ ይታመም ጀመር። ድምፅ ሲከፈትበት ይንተባተባል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ቀጥ ይላል። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ፣ ውዳላት የምትባል ወጣት ባለሙያ ለሙከራ ቀጠሩና «መርምሪና ያለበትን ንገሪን» አሏት።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ውዳላት ደግሞ ስክሪፕት የሚሉት አጭር የምርመራ ፕሮግራም ነበራት። ሐኪም የበሽተኛውን የልብ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት ተራ በተራ እንደሚለካ፣ ስክሪፕቱም የማሽኑን ጤና ክፍል በክፍል እየዞረ ይጠይቃል። አስነሳችው። ኔትወርኩ ደህና ነበር። የማሽኑ ሙቀት ደህና ነበር። ባዶ ቦታም አልጎደለውም። ድምፆቹ የተቀመጡበት ዲስክ ጋ ሲደርስ ግን ስክሪፕቱ «ፈቃድ የለዎትም» ብሎ አለፈው። ማሽኑ የገጠመውን ብልሽት የሚጽፍበት የስህተት መዝገብ ጋ ሲደርስም ያንኑ ደገመ። ለውዳላት የተሰጣት የተራ ሠራተኛ መግቢያ ስለነበር፣ እነዚህን ማየት የሚቻለው በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። እሱን የያዙት ደግሞ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው።

ቢሯቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ዋናውን ነገር ማየት አልቻልኩም» አለቻቸው። «የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይስጡኝ። ካላመኑኝም የይለፍ ቃሉን ራስዎ ያስገቡና አጠገቤ ቁጭ ይበሉ።»

«የሚታይሽን እዪ። እሱ ይበቃል።»

«ዲስኩን ሳላይ መረመርኩ ማለት አይቻልም እኮ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ተጣልቷቸው ሲወጣ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ፣ ሥርጭቱ ተቋርጦ፣ እሳቸው በቦርዱ ፊት እንደ ልጅ ተገሥጸው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ልጄ፣ ይህን ቁልፍ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም» አሏት። «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

በሳምንቱ ቦርዱ ተሰበሰበ። የቀረበው ጉዳይ፣ በእጅ ባለው በጀት ለድምፆቹ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ ወይስ ጎርፍ የጣለው አጥር ይታጠር የሚል ነበር። ሰብሳቢዋ ወደ ውዳላት ዞር አሉ።

«እሺ፣ ምን አገኘሽ?»

ውዳላት አቶ ልሳነወርቅን አየቻቸው። እሳቸው ጠረጴዛውን ያያሉ።

«ያየሁት ሁሉ ደህና ነው» አለች።

ቃሏ ሐሰት የለበትም። «ያላየሁት ግን አለ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰብሳቢዋ ፈገግ ብለው «ተመስገን!» ሲሉ ዋጠችው። የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም፤ ታናሽ እኅቷን የምታስተምረውም እሷ ናት። አለቃዋን በሰው ፊት ማሳጣትም ከበዳት። ነገ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብላ ራሷን አጽናናች። ነገ መጣ፤ ሌላ ነገም መጣ። አጥሩ ታጠረ።

ክረምቱ ሳይወጣ ዲስኩ ሞተ።

ከዋናው ከተማ ሌላ ባለሙያ ተጠራ። ለእሱ ያለ አንዳች ክርክር ሙሉ ፈቃድ ተሰጠው። የስህተት መዝገቡን ከፍቶ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ዲስክ እየሞትኩ ነው ሲል ወራት አልፈውታል» አለ። «የሚያየው ሰው አልነበረም?»

ከድምፆቹ አንዱን እንኳ ማትረፍ አልተቻለም።

በዚያው ሰሞን እማማ ጥሩዓለም መጡ። ልጃቸው አንዳርጌ የጣቢያው የማለዳ ዜና አንባቢ ነበር፤ በመኪና አደጋ ነው የሞተው። እሳቸው በየሙት ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣቢያው ጎራ ብለው ድምፁን ሰምተው ይሄዳሉ። እንደ ልማዳቸው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው «በሉ አሰሙኝ» አሉ።

ውዳላት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ዳግመኛ ሞተ በይኛ» አሉ እማማ። ቀጥለውም «እንዲህ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዲስኩ እንደሚሞት አላወቅኩም፣ እማማ። እንዳላየሁት ግን አውቅ ነበር። አልተናገርኩም።»

አቶ ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «እሷ አይደለችም» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ልየው ብላ ብትለምነኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

«የለም ጋሼ፣ እኔ ነኝ…»

እማማ ጥሩዓለም እጃቸውን አነሡ። «ተዉት፣ ልጆቼ። እናንተስ ጥፋቱን ተካፈላችሁት። እኔ ምኑን ልካፈል?»

ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ። ደግፎ የሚሸኛቸው እንኳ አልነበረም፤ ሁለቱም ካሉበት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። በዓመቱ አልመጡም።

ውዳላት ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ሙሉ ፈቃድ አላት፤ ስክሪፕቷ የሚከለከለው ክፍል የለም። አዲሱ ዲስክ ፍጹም ጤነኛ ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ወዳጆቼ፣ «አልታየም» እና «ደህና ነው» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሰው የሚጎዳው አንዱን በሌላው ቦታ ሲሰማ ነው። መርምረኝ ብሎ ጠርቶ በሩን የሚዘጋ ሰው የፈለገው ማጽናኛ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ግማሹን ብቻ ያየ ደግሞ፣ ግማሹን እንዳላየ መናገር ግዴታው ነው። ያለዚያ እውነት ተናግሮም ያሳስታል።

ይህ ነገር ከቤታችንም አይርቅም። ልጃችንን «ምን ሆንክ?» እንለዋለን፤ አፉን ሲከፍት ፊታችንን እናጠቁርበታለን። «ምንም አልሆንኩም» ሲለን አምነን እንተኛለን።

እስቲ እያንዳንዳችን እናስብ፤ «ደህና ነኝ» ከሚሉን ሰዎች መካከል፣ ደህና አይደለሁም ለማለት ፈቃድ የሰጠነው ለማን ነው?