የጳጳሱ መጽሐፍና ዘጠኙ ጥጆች

ድሮ በኖርዌይ አገር አስላክ የሚባል ጳጳስ ነበር። ፓሪስ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ያገሩን ቋንቋ ይጠየፍ ነበርና የገዛ አያቱን ጀግንነት በላቲን ሊጽፍ ተነሣ። ብራና ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚፋቀው ከጥጃ ቆዳ ነው። ስለዚህ ጳጳሱ ከደብሩ አጠገብ ከሚኖር አንድ ምላሰኛ ገበሬ በረት ዘጠኝ ጥጃ አስነድቶ አሳረደ።

መጽሐፉ ባለቀ ጊዜ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ ከጠዋት እስከ ቀትር አነበበላቸው። ከመካከላቸው ላቲን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሆንም ጳጳሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያለቅሳሉ፣ ዝቅ ሲያደርግ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገበሬው ብቻ ብራናውን ትክ ብሎ ያያል።

ጳጳሱ ይህን አይቶ ተናደደ።

“አንተ! ያነበብኩት ገባህ ወይስ አልገባህም? ከገባህ ለሁለተኛው ቅጽ የቀሩህን ስድስት ጥጆች ደስ እያለህ ትሰጣለህ። ካልገባህም ለድንቁርናህ መቀጫ እነዚያኑ ስድስቱን ትሰጣለህ።”

ገበሬው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

“አባታችን፣ እነዚህን ዘጠኙን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። በረት ሳሉ የሚሉት ሁሉ ይገባኝ ነበር፤ ሲርባቸውም፣ ሲጠማቸውም፣ እናታቸው ስትናፍቃቸውም። እርስዎ ዘንድ መጥተው ከተማሩ ወዲህ ግን አንዲት ቃል አልገባኝም። እባክዎ፣ የቀሩት ስድስቱ እንኳ ማይም ሆነው ይቅሩልኝ።”