የየቲሟ ባርኖስ

ነገሩ የመቶ ሰባ ብር ነው። ያን ጊዜ በመቶ ሰባ ብር የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ትገዛ ነበር። ገንዘቡን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ «ለአሮጌ ልብስ ይህ ሁሉ?» እንዳይል ነው። እኔ ዕድሜዬን በጨርቅ ንግድ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሮጌ ልብስ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

ስሟን በማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከመስጂዱ ጎን፣ ሐጂ እብሬ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሀብታቸው አንዲት የስፌት መኪና ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሴቶችና ሽማግሌዎች መድረሳው ውስጥ እሳቸውን ከበው ይቀመጣሉ፤ ሰዉ «የድሪቶ ጀመዓ» ይላቸዋል። የሟች ልብስ፣ ለልጅ የጠበበ ቀሚስ፣ የተቀደደ ጋቢ ይመጣል። ይታጠባል፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ደህና ደህናው ጨርቅ ተቆርጦ ይገጣጠምና ብርድ የሚመክት ወፍራም ድሪቶ ይወጣዋል። የሚጣል ነገር አልነበረም። የተተረተረው ክር እንጨት ላይ ይጠቀለላል፣ ቁልፉ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ብጥስጣሹ ትራስ ይሞላል፣ ከዚያም የተረፈው ለኩራዝ ክር ይሆናል። ሐጂ «አላህ የሰጠንን ሳንጨርስ ሌላ ጨምርልን ማለት አደብ አይደለም» ይሉ ነበር።

አንድ ደንብ ነበራቸው። መቀስ የሟች ልብስ ላይ ከማረፉ በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ «ወራሾቹ ፈቅደዋል? ከመካከላቸው ያልደረሰ ልጅ አለ?» የሟች ልብስ የወራሾቹ ነው። ያልደረሰ የቲም፣ አባት የሞተበት ልጅ፣ ደግሞ ሐቄን በሰደቃ ልስጥ ቢል እንኳ ቃሉ አይያዝም፤ ድርሻው ተለይቶ ይቀመጥለታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከፍቶ ነበር። ጎርፍ ከቀዬው ያፈናቀለው የቆላ ሰው በመስጂዱ ደጅ ተኮልኩሏል። ሐጂ ሳምንታት ሙሉ ሲሰፉ ሰንብተው ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር። ሙሄ የሚባል የእህል ነጋዴ የሞተ ወንድሙን ልብስ በበቅሎ ጭኖ የመጣው ያኔ ነው። ኮቶች፣ ጋቢዎች፣ በላዩም ባርኖስ የምንለው ሰማያዊ የሱፍ ካባ አለበት። እኔም እዚያው ስለነበርኩ ጭነቱን ሁሉ በዓይኔ ገመትኩት፤ ከሦስት መቶ አርባ ብር አያንስም።

«ለወንድሜ ሰደቃ ነው» አለ ሙሄ።

«ወራሾቹ ፈቅደዋል?» አሉ ሐጂ፣ ቀና ሳይሉ።

«ወላሂ ፈቅጃለሁ።»

በደጅ አንድ ሕፃን ይስላል። ሐጂ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቁ መቀሱን አነሱ።

ቁልፍ የምትለቅመው ዙቤዳ አየቻቸውና «ሐጂ፣ ዛሬስ እርስዎ መቀሱን ሳይሆን መቀሱ ነው እርስዎን የያዘዎት። ትንሽ ጋደም አይሉም?» አለች።

«መቃብር ውስጥ እጋደማለሁ። ያንን ባርኖስ አቀብዪኝ።»

ድሪቶዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰፍተው ለተፈናቃዮቹ ታደሉ። ጥቂት ቆይቶ ሉባባ የምትባል ሴት ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ከገጠር መጣች። ሟቹ በሕይወት ሳለ የፈታት ሚስቱ ናት፤ ልጅቷ ረሒማ የእሱ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ሉባባ። «አባቷ ባርኖስ ነበረው። ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ብርድ ሲሆን ከውስጡ ከቶ ነበር የሚያስተኛት። ሌላ አልጠይቅም፤ እሱን ብቻ ስጡኝ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ለቃ ወደ ደጁ ሄደች፤ ይማም የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ የለበሱት ድሪቶ ላይ፣ ሰማያዊው ቁራጭ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ይሄ የአባዬ ነው።»

ሽማግሌው ከላያቸው ገፈፉት። «እንቺ ልጄ፣ ውሰጂ። የየቲም ሐቅ ለብሼ እንቅልፍስ መች ይወስደኛል?»

«አባ ይማም፣ ይልበሱት» አሉ ሐጂ። «ሳያውቁ ነው የለበሱት። ዕዳው የኔ ነው።»

ሙሄ ተጠርቶ መጣ። «እሷ ገጠር ናት፤ በምን ትዝ ትበለኝ? ደግሞስ ለጨርቅ ነው ይህ ሁሉ ጉባኤ? በሉ አንድ ጋቢ እገዛላታለሁ፣ አለቀ!»

«ከወራሽ አንተና ልጅቷ ብቻ ናችሁ» አሉ ሐጂ። «ግማሹ ያንተ ነበር፤ ሰደቃህን አላህ ይቀበልህ። ግማሹ፣ መቶ ሰባ ብሩ፣ የሷ ነበር።»

የመስጂዱ ኢማም «የደበቀው ሙሄ ነው፤ ሙሄ ይክፈል» አሉ። ሙሄ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

«መቀሱ በማን እጅ ነበር?» አሉ ሐጂ። «ሳልጠይቅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሙሄ ከጌታው ጋር ይተሳሰብ፤ የልጅቷ ሐቅ ግን የሙሄ ልብ እስኪራራ አይጠብቅም።»

ዙቤዳ አላስቻላትም። «መኪናዋን ሊሸጡ ነው፣ አይደል? ለከርሞ ብርድ ድሪቶውን ማን ሊሰፋው ነው? እነዚህስ የአላህ ሰዎች አይደሉም?»

«ናቸው። በሰው ገንዘብ ግን ሰደቃ አላወጣላቸውም።»

መኪናዋን በሸክም ወደ እኔ ሱቅ አመጧት። ገልብጬ አየኋት።

«መቶ ስልሳ» አልኩ።

«ለምን መቶ ሰባ አትሆንም?»

«ቀበቶዋ አልቋል ሐጂ።»

«እውነትህን ነው። አልቋል።»

ብሩን ላበድርዎ፣ መኪናዋም ትቀመጥ ብያቸው ነበር። «ዕዳን በዕዳ መክፈል ሸክም ከትከሻ ወደ ትከሻ ማዘዋወር ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ትከሻዬ ደክሟል» አሉ። የጎደለውን አሥር ብር የለበሱትን ጋቢ ሸጠው ሞሉት። በኢማሙ ፊት ለረሒማ በስሟ ላም ተገዛላት። እናቷ ገመዱን ይዛ ስትሄድ ኢማሙ «ሐጂ፣ አልጸጸተዎትም?» ብለው ጠየቁ።

ሐጂ እብሬም «በየቲም ጨርቅ የተሰፋ ድሪቶ ለለባሹ ሙቀት ነው፤ ለቆራጩ እሳት» አሉ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ አንዳንድ ሰዎች መኪናዋ በተአምር ተመለሰች ይላሉ። አልተመለሰችም። ሙሄም ሲጸጸት አልሰማሁም። ሐጂ ዓይናቸው እስኪጠፋ በእጅ መርፌ ሰፉ። ዛሬ አሮጌ ልብስ አትጣሉ፣ ቀዳችሁ ሥሩበት የሚል ምክር በየቦታው እሰማለሁ። መልካም ምክር ነው፤ ኢስራፍን፣ ማባከንን፣ አላህ አይወድም። ነገር ግን ከመቅደድ በፊት የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ይህንንም ጥያቄ የሚያስረሳው ሁልጊዜ ስስት አይደለም። ደግ ሥራ እየሠራ የደከመ ሰውም ይረሳዋል፤ ሐጂን የጣላቸው ይህ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን ልዝጋ። ኪሳራው፦ አንዲት መኪና፣ አንድ ጋቢ፣ ከዚያ በኋላ በየክረምቱ የሚሰፋው ድሪቶ በግማሽ አነሰ፤ ስለዚህ በብርድ ያደረ ሰው አለ፣ ይህን ከሂሳቡ ልሰርዘው አልችልም። ትርፉ፦ አንዲት ላም፣ እንዲሁም በዚያ መድረሳ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ መቀስ አይነሳም። ሙሄ ሰባራ ሳንቲም አላወጣም። እኔ መኪናዋን ቀበቶ ቀይሬ ሸጬ አርባ ብር አተረፍኩ። ሐጂ ያላቸውን ሁሉ ከሰሩ። ከሦስታችን ግን ነገ በአላህ ፊት «ሐቄን» ብላ ያቺ ልጅ የማትይዘው መሆኑን እርግጠኛ የሆንኩበት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።